ለሐኪምነት የሚፈተን ልጅ ያለበት ቤት

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሆኖ ወደ ሕክምና ትምህርት ለመግባት ስለሚዘጋጅ ተማሪ ትጋት ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ተማሪው ስለሚኖርበት ቤት ግን የተባለው ጥቂት ነው። እኛም ይህን ጉዳይ በዚህ ዓምድ ልንጽፍበት ካሰብን ቈይተናል፤ ዛሬ ብዕራችንን ያስነሣን በምንኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ ሰፈር በአንድ ቤት ያየነው ነገር ነው። ቤተ ሰቡ እንድንጽፈው ፈቅዶልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

ቤታቸው ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባት በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በወር ውስጥ ከልጆቹ ጋር የሚያድርበት ሌሊት በጣት የሚቈጠር ነው። እናት እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የበኵር ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በመልካም ውጤት አልፋ እዚሁ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ይህ ማለፍ ምን ያህል ነገር እንደ ሆነ ለማወቅ የ2014 ዓ.ም.ን ብሔራዊ ፈተና ማስታወስ ይበቃል፤ ያን ጊዜ ከተፈተኑት ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አባት በልጁ ቢኰራ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁን በክርስትና ስሟም ሆነ በዓለም ስሟ መጥራቱን ተወ። «ዶክተር፣ እስቲ ውሃ አቀብዪኝ» ይላታል። ጎረቤቱም፣ ባለ ሱቁም፣ ታናናሽ ወንድሞቿም ይህንኑ ተከተሉ። ልጅቱ ገና የሕክምናን ደጅ ሳትረግጥ የሐኪም ስም ተሸክማ ደረጃውን ትወጣና ትወርድ ጀመር።

ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ ዛሬ እንዴት እንደ ሆነ ለማያውቁ ወላጆች ጥቂት እንበል። በዘመናዊ ሕክምና ተመርቀው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የተባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 በሕፃንነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ያደጉ ናቸው፤ ሕክምናን የተማሩትም በህንድ አገር፣ በላሆር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ፤ ትምህርታቸውንም በኋላ በስኮትላንድ አስፋፉ። ከእርሳቸው በኋላም ለብዙ ዘመን ሐኪም ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ በ2004 ዓ.ም. በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ሰዎች ወደ ሕክምና የሚገቡበት አዲስ መርሐ ግብር በአሥራ ሦስት ተቋማት ተጀምሮ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ሕክምና መግባት ቀርቶ፣ ተማሪው አንድ ዓመት ከሌሎች ጋር የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ልቡና፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ በኋላ በውጤቱ ይመደባል፤ ኮሌጁ ራሱ የሚያወጣው የመግቢያ ፈተና የሚጨመርበትም ቦታ አለ። ስለዚህ ያች የመጀመሪያ ዓመት እንደ ቀላል መሸጋገሪያ የምትታይ አይደለችም።

የጎረቤታችን ልጅ ይህን ታውቃለች። በዚህም ምክንያት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ታነብ ነበር። ደብተሯን በብጫ፣ በአረንጓዴና በቀይ ቀለም ከማስመሯ የተነሣ ሥዕለ አድኅኖ መስሎ ነበር። የአጋማሽ ፈተናዋ ውጤት ግን ዝቅ ብሎ መጣ። ከአንድ ሰንበት ቅዳሴ በኋላ ነጠላዋን እንዳጣፋች ወደ እኛ መጥታ፣ «መምህር፣ ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር እኮ» አለችን። እንባዋ ከዐይኗ ጫፍ ቆሟል። «እንግዲያስ ደብተሩን አጥፊውና የደምን ዝውውር ንገሪን» አልናት። ጀመረች፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረች፤ ከዚያ ቆመች። «ሳየው አውቀዋለሁ» አለችን።

ይህች «ሳየው አውቀዋለሁ» የምትባል ቃል ስንቱን ጐበዝ ተማሪ እንዳሳተች እኛ በሃያ ዓመት የመምህርነት ሥራችን አይተናል። የሰፈራችንን ሰው ፊቱን ስናይ እናውቀዋለን፤ ስሙን ጥሩ ብንባል ግን ይጠፋብናል። ፈተና ደግሞ ስም መጥራትን ይጠይቃል እንጂ ፊት ማየትን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። ከዓመታት በፊት በዚሁ ዓምድ ለተፈታኞች ምክር ስንሰጥ፣ «አንብቡ፤ ደግማችሁ አንብቡ፤ ሦስተኛም አንብቡ» ብለን ነበር። ተሳስተን ነበር። ይልቁንም የሚያሳፍረን፣ ትክክለኛውን ነገር በልጅነታችን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተቀብለነው ሳለ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደጃፍ እንደ አሮጌ ልብስ ጥለነው መግባታችን ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት በጨለማ እንደሚባል የቀሰሙት ሁሉ ያውቃሉ። መጽሐፍ የለም፤ ኩራዝ የለም፤ የኔታ ቃሉን ይሰጣሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ መልሶም ይሰጣል። የእኛ የኔታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ውዳሴ ማርያምን ከራሱ ጀምረን ስንል ዝም ብለው ያዳምጡና ድንገት «ከመካከል ያዝ» ይሉን ነበር። ከራሱ ጀምሮ የሚንደረደር ሁሉ ያኔ ይደናገጣል። ቃሉን በእርግጥ የያዘው ግን ከየትም አንሥቶ ይሄዳል። ደግሞ አንድ ነገር የተማረ ልጅ ያንኑ ለታናሹ ያስቀጽላል፤ በማስቀጸልም ያልያዘው ይገለጥበታል። የቆሎ ተማሪ ጥበብ ይህ ነበረ።

ዛሬ የሥነ ልቡና ምርምር ይህንኑ በቍጥር ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነብበው ነበር። ከዚያም አንደኛው ወገን ጽሑፉን ደግሞ እንዲያነብ፣ ሁለተኛው ግን ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ከጽሑፉ 42 ከመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 56 ከመቶ ያህሉን አስታወሱ። ልብ በሉ፤ ደግሞ የሚያነብ ሰው በዚያው ሰዓት ያወቀ መስሎ ይሰማዋል፤ እንዲያውም በዚያው ሰዓት ያውቃል። የሚከዳው ቈይቶ ነው። ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

እንግዲህ ልጅቱ ቃሏን ለማን ትስጥ? ጓደኞቿ በየፊናቸው ናቸው፤ አባቷ በመንገድ ላይ ነው፤ እኛም በየማታው አንደርስም። እናቷን ጠርተን፣ «እኅታችን፣ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ስጪያትና ደብተሯን አጥፋ ትንገርሽ» አልናት። እናት ሳቀች። «መምህር፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ልክ ትበል ትሳሳት በምን አውቄው?» አለችን። ልክነቱን መጽሐፉ ያውቃል፤ ካንቺ የሚፈለገው ያልገባሽን «ለምን?» ብለሽ መጠየቅ ነው አልናት። ወንበር ላይ መቀመጥም አላስፈለጋትም፤ ሊጥ እያቦካች ትሰማለች።

ከዚያ የሆነውን ሁለቱም በየፊናቸው ስለ ነገሩን እንደ ሰማነው እንጽፋለን። በሦስተኛው ማታ ልጅቱ፣ ደሙ ከሰውነት ሁሉ ተመልሶ በልብ ቀኝ በኩል ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በሳንባም ኦክስጅን ይዞ በልብ ግራ በኩል ይመለስና ወደ ሰውነት ይሠራጫል፣ ብላ ሳትደናቀፍ ተናገረች። እናት እጇን ከቡሆው ሳታወጣ፣ «ከሳንባ ከወጣ በኋላ ለምን ወደ ልብ ይመለሳል? ከዚያው በቀጥታ ወደ እጅና ወደ እግር ቢሄድ ምን ይከለክለዋል?» አለቻት።

«መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«መጽሐፉስ ይበል። ለምን?»

ልጅቱ መልስ አጣች። ያን ሌሊት በቀለም ከማስመር ይልቅ መልሱን ስትፈልግ አመሸች። በማግስቱም ለእናቷ እንዲህ አስረዳቻት፤ በሳንባ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች እጅግ የቀጠኑ ስለ ሆኑ ደሙ በእነርሱ ሲያልፍ ግፊቱን ያጣል፤ በዚያ ድካሙ እስከ እግር ጣት ሊደርስና ወደ ራስም ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ልብ ተመልሶ ዳግመኛ ይገፋል። እናት በዚህ አልረካችም። «እንግዲያ ለመጀመሪያው ጊዜ ቀኙ በኃይል ቢገፋውና አንድ ጊዜ ቢበቃውስ?» ብላ ጠየቀች። ይህ የሁለተኛ ቀን ሥራ ሆነ። መልሱም፣ ደም በኃይል ከተገፋ በእነዚያ ቀጫጭን ሥሮች ግድግዳ ውሃው ሾልኮ የሳንባን የአየር ክፍል ይሞላዋል፤ ሰውየውም ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ወደ ሳንባ በቀስታ የሚገፋ አንድ ክፍል፣ ወደ ሰውነት በኃይል የሚገፋ ሌላ ክፍል አስፈለገ፤ የግራው ግድግዳ ከቀኙ ይልቅ የወፈረውም ስለዚህ ነው። እናት ሰምታ፣ «ይህማ የእኛ ውሃ ነው። ምድር ቤት ብቻውን ይደርሳል፤ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ግን ሞተር ይፈልጋል። ሞተሩን ደግሞ አለቅጥ ብታስነሺው የታችኛው ቤት ቧንቧ ይፈነዳል» አለች። በጀሞ የኖረ ሰው ይህን ምሳሌ አያጣጥለውም።

ይህ ጥያቄ በፈተናው ወጣ ብንል ለጽሑፋችን ባማረ ነበር፤ አልወጣም። ነገር ግን ልጅቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድን ምዕራፍ ከማንበቧ በፊት «እማዬ ምን ትለኛለች?» ብላ ማሰብ ጀመረች፤ ይህ ልማድ ደግሞ ለአንድ ምዕራፍ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የሁለተኛው የአጋማሽ ፈተናዋ ውጤት ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ።

ስለ ጾም ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም፤ በዚያ ቤት ትልቁን ጭንቀት ያመጣው እርሱ ነበርና። ልጅቱ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ትውል ነበር፤ ይህም ከልጅነቷ የለመደችው ነው። ሆኖም ሌሊት ሳትተኛ፣ ቀን ሳትበላ ሦስት ሳምንት ከቈየች በኋላ አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ወድቃ ሰዎች ደግፈው አወጧት። እናት ይህን በሰማች ጊዜ ከሁለት ተከፈለች፤ ብላ እንዳትላት የጾሙ ነገር አስፈራት፤ ጹሚ እንዳትላት ልጇ። አያት ደግሞ ከገጠር በስልክ፣ «ጾም የፈታ ተማሪ ምን ይባረክለታል?» አሉ። እኛ በዚህ ነገር ላይ የምንሰጠው ፍርድ የለንም፤ የሚገባንም አይደለም። የጾምን ሰዓት እንደ ሰው ጤናና አቅም ማቅለል የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። የእኛ ወቀሳ ለሌላ ነገር ነው። በብዙ ቤት ሰው ወይ በራሱ ፈቃድ ይፈታል፤ ወይ በራሱ ፈቃድ ከአቅሙ በላይ ይጾማል፤ ሁለቱም ሳይጠይቁ ነው። የዚህች ልጅ የንስሐ አባት በተጠየቁ ጊዜ ለመልሳቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም፤ የምትቀምስበትን ሰዓት ወስነው፣ የጾሙን ምግብ ሳትለቅ እንድትቀጥል ነገሯት፤ «ሌሊት መተኛትሽንም እንደ ቀኖና ቍጠሪው» ብለው አከሉበት። የመጨረሻዋን ነገር እኛ ከሁሉ አብልጠን ወደድናት። እንቅልፍ የተማሩትን የሚያጸና መሆኑን የሕክምና ሰዎችም ያስተምራሉ፤ ስምንት ሰዓት ድረስ አምሽቶ የሚያነብ ተማሪ ቀን የዘራውን ሌሊት ይነቅላል።

ከጾሙ ይልቅ ከባድ ሆኖ ያገኘነው ስለቱ ነው። አባት በጅቡቲ መንገድ ላይ ሳለ፣ ልጁ ሕክምና ከደረሳት ለቅዱስ ሚካኤል ጥላ ሊያገባ ተሳለ፤ ይህን በስልክ ለልጁ ነገራት። ስለት መሳል የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ አንነቅፈውም። ልጅቱ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነበር። «ሳይደርሰኝ ቢቀር መልአኩንም አባቴንም ያሳፈርሁ ይመስለኛል» ስትል ነገረችን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ ይህን ተሸክማ የኬሚስትሪ ጥያቄ ልትመልስ ትቀመጣለች! ለአባቷ ስንነግረው መጀመሪያ ተቈጣ፤ «እኔ ለእርሷ ብዬ» አለ። እውነቱን ነው፤ ለእርሷ ብሎ ነው። ሆኖም ስለት የተሳለው ሰውየውና የተሳለበት ጻድቅ ወይም መልአክ የሚያውቁት ምስጢር ቢሆን ምን ይጎድልበታል? ጥላው እንደ ሆነ ቢመጣ ያምራል፤ ለተፈታኝ ልጅ ግን ከፈተናው በፊት የሚታይ ጥላ ከብዶ ይታያል።

ደግሞም ሐኪምነት ሳይደርሳት ቢቀር ምን ትሆናለች የሚለውን ጥያቄ በዚያ ቤት ማንም ደፍሮ አላነሣም ነበር። እኛ አነሣነው። ነርስነት አለ፤ አዋላጅነት አለ፤ የመድኃኒት ቅመማ አለ፤ የላቦራቶሪ ሙያ አለ። ከሐኪሙ በፊት የታመመውን የሚቀበሉት፣ ከሐኪሙም በኋላ ሌሊቱን አብረውት የሚያድሩት እነዚህ ናቸው። አባት «ዶክተርስ ደመወዙ» ብሎ ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ ስለ ደመወዛቸው ያሰሙትን አቤቱታ አስታወስነውና ዝም አለ። ለሀብት ብሎ ልጁን ወደዚህ ሙያ የሚገፋ ወላጅ የሂሳቡን ወረቀት ደግሞ ቢያየው ይበጀዋል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም ይከበር ዘንድ የሚያስተምረን ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ ጥቅምት 22 ቀን የምናከብረው ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ፤ ስንት እንደሚከፈለው የጻፈልን ግን የለም።

በቤቱ ውስጥ ስለሚደረገው ጥቃቅን ነገር ብዙ ማለት አያስፈልገንም። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነስ፤ ታናናሾቹ ለጥቂት ሰዓት ወደ ደረጃው ይውጡ፤ ድንገት የሚመጣ እንግዳ ቡና በጠጣ ቍጥር ልጅቱ አትጠራ። በአንድ ክፍል ቤት ይህ ቀላል አይደለም። በዚያ ቤት የተገኘው መላ፣ ልጅቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ፣ እናት ምጣዱን ስትጥድ እርሷ በዚያው ብርሃን ማጥናቷ ነው። ወላጆች ሆይ፣ በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ወንድሟ ሲፈተን ከሥራ ታሳርፉት እንደ ነበረ ሁሉ እርሷንም አሳርፏት፤ ይህን የምንለው በብዙ ቤት ሳይሆን ሲቀር ስላየን ነው።

ይህን በምንጽፍበት ሰዓት የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ገና ነው፤ ምደባውም ከዚያ በኋላ ነው። አባት ባለፈው ሳምንት ከጅቡቲ ሲመለስ ከበሩ ቆሞ ልጁን በክርስትና ስሟ ጠራት፤ ታናሽ ወንድሟ «ማንን ነው የሚጠራው?» አለ ይባላል። እናት ግን አሁን ከልቡ አልፋ ወደ ሌላ ደርሳለች። ቅዳሜ ማታ በደረጃው ላይ አግኝተናት፣ ልጅቱ ሕዋስ ምግብን አቃጥሎ ኃይል እንደሚያገኝ እንደ ነገረቻት አወራችን።

«መምህር፣ እሳት ሳይኖር እንዴት ይቃጠላል? እኔ በየቀኑ ምጣድ የማነድ ሰው ነኝ፤ እሳት ሲነድ ያቃጥላል። ሆዳችን ለምን አይቃጠልም?»

እኛም፣ እንደ ምድጃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በብዙ ትንንሽ ደረጃ፣ በየደረጃው ጥቂት ጥቂት ኃይል እየተቀነሰ ስለሚሄድ ነው ልንላት ጀምረን ነበር። እጇን አንሥታ አስቆመችን።

«አይ፣ አይንገሩኝ። እርሷ ናት የምትነግረኝ» ብላ የሊጥ ባልዲዋን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።